የጋሽ እንድሪስ አጋፋሪ

ስልኬ ሲጠራ ዳባት፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር። «ጋሽ እንድሪስ» ይላል። ከዚያ ቁጥር ሲደወልልኝ የማን ድምፅ እንደሚመጣ አስቀድሜ አውቄ አላውቅም። የደባርቅ ገበያ ግማሹ በዚያ ስልክ ደውሎልኛል፤ ልጁ ፈተና የወደቀበት፣ ማመልከቻ ማስጻፍ የፈለገ፣ ተሳስቶ የነካኝ፣ «ዝም ብዬ ነው፣ ድምፅህን ልስማ ብዬ» የሚለኝ። እናም እንደ ልማዴ «ደግሞ ዛሬ ማን ልበል?» ብዬ አነሳሁት።

«አባ ሞላ ነኝ፣ መምህር» አሉኝ። «እንድሪስ ዐረፈ። ቀብሩ ከአሱር ሶላት በኋላ ነው። ትደርሳለህ?»

ወረቀቱን እንደተዘረጋ ትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ደረስኩም። አባ ሞላ ቄስ ናቸው፣ ጋሽ እንድሪስ ደግሞ የመስጊዱ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊ። ሰው ከመቃብሩ ሲመለስ ቄሱ መንገድ ዳር ቆመው የካባቸውን ጫፍ እያነሱ፣ «ይኸን የሰፋው እሱ ነው» ይሉ ነበር፣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም። እኔም አለቀስኩ። ትንሽ ፈንጠር ብሎ አንድ ሰውዬ የሟቹን ስልክ ተውሶ ስለ በሬ ዋጋ ሲከራከር ስሰማ ግን፣ ሳቄ እንባዬን ቀድሞት ወጣ። ጋሽ እንድሪስ ቢያየው ደስ ይለው ነበር።

ወደ ዳባት ከመዛወሬ በፊት፣ ደባርቅ የኮምፒዩተር አስተማሪ ሆኜ ስመደብ የተከራየሁት ክፍል ከእሱ ስፌት ቤት ጀርባ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «እንደምን ዋሉ?» ስለው ተቆጣኝ። «አንቱ ለሸሆቹና ለቄሶቹ ነው። እኔን አንተ በለኝ፣ በቁሜ አታስረጀኝ» አለኝ። ቀጭን ረጅም ሰው ነው፤ ከንፈሩ መካከል ሁልጊዜ ሦስት አራት ስፒል ነክሶ በስፒሎቹ መሐል ያወራል። የሚያወጣቸው ሲስቅ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያስቅ ወሬ ያለው ሰው ከመጀመሩ በፊት «ጋሽ እንድሪስ፣ ስፒልህን አውጣ» ብሎ ያስጠነቅቀዋል።

ወንድ ደንበኛን በሜትር አይለካም። በር ላይ ሲቆም ከላይ እስከ ታች አንዴ ያየውና ጨርቁን ይቆርጣል። «ሜትር ለተጠራጣሪ ነው» ይላል። ሴቶቹን የምትለካለት ሚስቱ እትዬ ሐዋ ነበረች፤ እሷ ቁጥሩን ከመጋረጃ ጀርባ ትጠራለታለች፣ እሱ በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ይጽፋል። ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ማን እንደወፈረች፣ ማን እንደከሳች፣ ማን ሳታገባ ወገቧ እንደሰፋ ሁለቱም ያውቃሉ። አንድም ቀን ወሬ ወጥቶ አያውቅም። እኔ ራሴ ከስቼ ሱሪዬን ሊያጠብልኝ ስሰጠው ምን ሆነህ ነው አላለኝም፤ ብቻ ለሁለት ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ «ና እስቲ፣ ይኸን እንጀራ አግዘኝ» ይለኝ ነበር።

ስልኩን የላከችለት ጅዳ ያለችው ልጁ ዘይነብ ናት። ትልቅ፣ የሚያበራ ስማርት ስልክ። ሌላ ሰው ቢሆን በመሐረብ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ጋሽ እንድሪስ ከተራረፈ ጨርቅ ኪስ ሰፍቶ የሱቁ በር ላይ በሚስማር ሰቀለው። የግቢው ሰው፣ የጎረቤቱ፣ ለገበያ የመጣው የገጠር ሰው ሁሉ እጁን ሰዶ ያወጣዋል፣ ያያል፣ ይደውላል፣ መልሶ ይከታል። አንድ ቀን፣

«ጋሽ፣ የይለፍ ቁጥር ላድርግበት እንዴ?» አልኩት።

«በር ላይ የተሰቀለ ዕቃ ምን ቁልፍ ያስፈልገዋል?» አለኝ።

ወደ ተራራው የሚወጡ ቱሪስቶች ደባርቅ ሲደርሱ የሆነ ነገራቸው መቀደዱ አይቀርም። አንዱ ፈረንጅ የቦርሳው ዚፕ ተበጥሶ መጣና፣ እስኪሰፋለት ድረስ በስልኩ የጭላዳ ፎቶ ሊያሳየን ወደደ። ጋሽ እንድሪስ «አምጣው እስቲ» ብሎ ስልኩን ከሰውዬው እጅ ወሰደና፣ ጭላዳውን አድንቆ ሲያበቃ በአውራ ጣቱ ወደሚቀጥለው አለፈ። ከዚያም ወደሚቀጥለው። የፈረንጁ ሚስት፣ የፈረንጁ ቤት፣ የፈረንጁ ውሻ። ሰውዬው እንደ በርበሬ ቀላና ስልኩን መነጨቀው።

«ምን ሰረቅሁት?» አለኝ ጋሽ እንድሪስ ፈረንጁ ዞር ሲል።

«እነሱ ዘንድ ስልክ የአንድ ሰው ብቻ ነው። የባሏን ስልክ ሚስት እንኳ ሳታስፈቅድ አትነካም።»

ስፒሎቹን አወጣ። ግን አልሳቀም። «ታዲያ የሰው ጓዳ ገባሁ በለኛ!»

ዚፑን ጨርሶ ከጠንካራ ሸራ አንዲት ትንሽ ከረጢት ሰፋ፣ ባለ ሁለት ቁልፍ፣ አንገት ላይ የምትንጠለጠል። ለፈረንጁ ሰጠውና በእኔ በኩል «ስልክህን እዚህ ደብቀው፤ በመንገድህ እንደ እኔ ያለ ሰው ብዙ ታገኛለህ» አስባለው። ፈረንጁ ከት ብሎ ሳቀ፣ ያኔ እሱም ሳቀ።

ነገሩ ግን ከነከነው። ስልክ የአንድ ሰው ነው ብለው ከሠሩት፣ የእኛን ነገር ስልኩ እንዴት ይረዳዋል? አለኝ። እኔም እንደ አስተማሪነቴ አስረዳሁት፤ ስልኩ የምታየውን ይከታተላል፣ የወደድከውን ያውቃል፣ ከዚያ የሚመስለውን ፈልጎ ያቀርብልሃል አልኩት።

«አጋፋሪ አለበት በለኛ!» አለ።

ከዚያ በተሻለ አስረድቼ አላውቅም። በድግስ ላይ አጋፋሪው እንግዳውን ከበር ተቀብሎ ቦታ ይሰጣል፤ ክርስቲያኑን ወደ ክርስቲያኑ ሥጋ፣ እስላሙን ወደ እስላሙ ሥጋ ይመራል፤ ማን ጾመኛ፣ ማን ቀልደኛ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ እንደማይቀመጥ ያውቃል። የጋሽ እንድሪስ አጋፋሪ ግን ግራ ገብቶት ነበር። ስልኩ ሲከፈት መንዙማ ያመጣል፤ ከሥሩ የበገና መዝሙር፤ ከሥሩ የእንግሊዞች ኳስ፤ ከዚያ የዶሮ በሽታ፣ የሹሩባ አሠራር፣ ጄኔሬተር የሚፈታ ህንዳዊ።

«ይኸ ምስኪን ሁላችንንም አንድ ሰው አድርጎናል» ይላል እየሳቀ። «አንድ ሰው ጠዋት መንዙማ ሰምቶ፣ ረፋድ ላይ በገና ደርድሮ፣ ቀትር ላይ ዶሮ አክሞ፣ ከሰዓት ሹሩባ ተሠርቶ ይመጣል ብሎ ያምናል። እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ወላሂ አሚር አድርጌ እሾመው ነበር!»

ቀልዱን ሲጨርስ ግን አጋፋሪውን ማንበብ ጀመረ። ስለ ሕፃን ሆድ ቁርጠት የሚናገር ቪዲዮ ሲደጋገም ጓሮ ላሉት አዲስ ወላጆች እትዬ ሐዋን ይልካል፤ የመንጃ ፈቃድ ጥያቄ ሲበዛ ጎረቤቱ ባጃጅ ሊገዛ እንዳሰበ ይገባዋል። ማንን እንዳወቀ አይናገርም፣ እንዳወቀም አይናገርም።

የዩኒፎርም ሥራ በሚበዛበት ወቅት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ አንድ ከሰዓት ጠራኝ። ስፒል አልነከሰም። ስልኩን አሳየኝ። ከመንዙማውና ከኳሱ መሐል አዲስ ነገር ገብቷል፤ ጡት ላይ ስለሚወጣ እብጠት። አንድ ብቻ አይደለም፣ ስድስት ሰባት። አንዱ «ቅጠል ለጥፈሽ አርባ ቀን ጠብቂ» ይላል። ሌላው በቅባት የዳነችውን ሴት ያሳያል። ሐኪም የሚባል በመካከላቸው የለም።

«ይኸን ከእንግዶቻችን ማን በላው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ስልኩን ተቀበልኩና፣ «ማወቅ ይቻላል። ምን ሰዓት እንደታየ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ በዚያ ሰዓት ስልኩን ማን ይዞት እንደነበር ካስታወስን...» አልኩ። ጣቴ ሊከፍተው ነበር። እጄን ያዘኝ። እንዲህ ጠበቅ አድርጎ ይዞኝ አያውቅም።

«አትክፈተው!»

«ጋሽ፣ ሴትዮዋ ታማ ከሆነ እኮ...»

«አንዲት ሴት ገበናዋን ልትሰውር እኔ በር መጣች። እኔ መልሼ ልግለጣት? የሰው ሚስት ናት፣ የሰው ልጅ ናት። በምን አፌ ነው የማናግራት?»

«ቅጠል እየለጠፈች ብትሞትስ?»

መቀሱን አነሳ፣ አስቀመጠ።

«አጋፋሪውን ማታለል ይቻላል?» አለ።

«ያየኸውን ነው የሚያመጣው። ሐኪም ካየህ ሐኪም ያመጣል።»

«እንግዲያ እኔ እበላላታለሁ» አለ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የጋሽ እንድሪስ ስፌት ቤት የጡት ክሊኒክ ሆነ። ስልኩን ከክር ማጠንጠኛ ጋር አስደግፎ ጠረጴዛው ላይ ያቆመዋል። አንዲት በአማርኛ የምታስረዳ ዶክተር አገኘንለት፤ እብጠት ሁሉ ክፉ አይደለም፣ ክፉ ቢሆንም በጊዜ ከተያዘ ይድናል፣ እህቶቼ አትፈሩ፣ ዛሬውኑ ሂዱ ትላለች። እሷን ከጠዋት እስከ ማታ ያስለፈልፋታል። እሱ ዩኒፎርም ይሰፋል፣ እሷ ትናገራለች። ካርድ ያልቃል፣ ይሞላል። ማታ ስልኩን ኪሱ ውስጥ መልሶ በር ላይ ይሰቅለዋል። በሳምንቱ ቅጠል ለጣፊዎቹ ወደ ታች ወረዱ፤ ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ ብቅ የምትለው ዶክተሯ ሆነች።

«አየህ፣ አጋፋሪው ገባው» አለኝ፣ ልጁ ፈተና እንዳለፈለት አባት።

አልጠረጠርንም እንጂ፣ የገባቸው ሌሎችም ነበሩ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ አንድ ደንበኛ ዶክተሯ እጅ እንዴት እንደሚዳስስ በሥዕል ስታሳይ ደረሰ። ሥዕሉን አየ፣ ጋሽ እንድሪስን አየ፣ ሱሪውን ይዞ ወጣ። በቀጣዩ የገበያ ቀን ደባርቅ ላይ ያልሰማ አልነበረም፤ ሽማግሌው እንድሪስ ቀኑን ሙሉ የሴት ጡት በስልክ ያያል! ወሬው ደግሞ መንገድ ላይ እየወፈረ ሄደ። ተራራው ላይ ቡይት ራስ ሲደርስ ሁለተኛ ሚስት ሊያገባ ነው ተብሏል። የሴት ልጆች ዩኒፎርም የሰጡት እናቶች አንድ በአንድ እየመጡ ጨርቃቸውን ወሰዱ። የዓመቱ ዋና ሥራው እሱ ነበር። ጨርቁን አጣጥፎ ይሰጣቸዋል፣ «አላህ ያሳድጋት» ይላል፣ ይመለሳል።

እኔ ተናደድኩ። «ንገራቸው! ለሰው ሕይወት ብዬ ነው በላቸው» አልኩት።

«ብነግራቸው ሁሉም 'ማን ናት?' ይላል። በአንድ ቀን አውጥተው ያሰጧታል» አለኝ።

በመጨረሻ አባ ሞላ መጡ፣ ካባቸውን ሊያስለኩ መስለው። እሳቸውን መለካት አያስፈልግም፤ ከጵጵስና በቀር የጎደላቸው የለም፣ ውፍረታቸው ያው ነው። ቁጭ አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንድሪስ፣ እድሜያችን እኩል ነው።»

«አዎ አባ።»

«ሥጋ ደካማ ነው።»

«ልክ ነው አባ።»

«እንግዲህ ይኸ የስልክ ነገር...»

ጋሽ እንድሪስ የስፌት መኪናውን አቆመ። «አባ፣ ንስሐ የገባ ሰው የነገረዎትን ለእኔ ይነግሩኛል?»

«እንዴት ተደርጎ!»

«እንግዲያ እኔንም አይጠይቁኝ።»

አባ ሞላ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ስልኩን ብዙ አዩት። ዶክተሯ «እህቶቼ፣ አትፈሩ» ትላለች። ፊታቸው ላይ ነገሩ ሲገባቸው አየሁ። ተነሡ።

«ካባዬ ለመቼ ይደርሳል?» አሉ ብቻ። በማግስቱ ሌሎች አምስት ካህናትን ካባ አስይዘው ላኩለት።

እትዬ ሐዋ የመጣችው በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ ነው። ወሬው መጨረሻ የደረሰው እሷ ጋ መሆን አለበት፤ የባል ወሬ ለሚስት የሚደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው። በሩ ላይ ቆመች። ሻሿ በትክክል አልታሰረም። ሁለት ደንበኞች ነበሩ፤ ጠብ ሊጀመር ነው ብለው ደስ ብሏቸው ተደላድለው ተቀመጡ። እኔ ልወጣ ተነሣሁ፣ ግን በሩን ይዛዋለች።

ደንበኞቹን አላየቻቸውም። እኔንም አላየችኝም።

«ማን ነገረህ?» አለችው።

«ምኑን?»

«ዘይነብ ናት? ለማንም እንዳትነግሪ ብያት ነበር። እሷ ካልሆነች ማን ያውቃል? ይኸን ሁሉ ሐኪም ቀን ከሌት የምታሰማኝ፣ ስለ እኔ ካልሆነ ስለ ማን ነው?»

የጋሽ እንድሪስ እግር ከመርገጫው ላይ ተነሣ። መርፌው የአንዲት ተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ላይ ተሰክቶ ቀረ።

«አንቺ ነሽ?» አለ።

ሁለቱ ደንበኞች ከእኔ ቀድመው ወጡ፣ እሷም ገለል ብላ አሳለፈችን። በሩን ከኋላዬ ስዘጋው መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጎንደር ሲሄዱ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ስልኩ በር ላይ እንደተሰቀለ ነው። «ስልኩን አትይዘውም?» አልኩት። «ለማን ልደውልበት? እሷ ይኸው ከእኔ ጋር ናት» አለኝ። ሐኪሞቹ ክፉው እብጠት ነው፣ ግን አልዘገያችሁም አሏቸው። ቀዶ ጥገናው፣ መድኃኒቱ፣ መመላለሱ ዓመት ፈጀ። እትዬ ሐዋ ዳነች። ፀጉሯ ተመልሶ ሲበቅል ሽበቱ ጠፍቶ ስለነበር፣ የግቢው ሴቶች የትኛውን ቅባት እንደተቀባች ይጠይቋት ነበር።

እሱ ግን ለራሱ ይቅርታ አላደረገም። አንድ ቀን ከጎንደር ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«የማላውቃት ሴት እንዳትሞት ያን ሁሉ ጊዜ በስልክ ስለምናት ኖርኩ። አጠገቤ የምትተኛዋን አንድ ቀን 'ምን ሆነሻል?' አላልኳትም። ለዒድ ቀሚስ ልስፋልሽ ስላት 'ያምናው ይበቃኛል' ብላኝ ነበር። እሺ ባልነቴ አልሰማም፤ ሰፊነቴስ?»

ያን ዕለት እጄን ባይዘኝ በአንድ ደቂቃ እናውቅ ነበር፣ ያን ሁሉ ሳምንት ባላጣን ነበር። ደግሞ ለሌላ ሴት ቢሆን ኖሮ ያደረገው ትክክል ነበር። እስከ ዛሬ አስቤበት አልወሰንኩም።

ነገሩ ከታወቀ በኋላ ዩኒፎርም የወሰዱት እናቶች አፍረው ተመለሱ። ጨርቅ ይዘው የመጡት ግን ሁሉም ለስፌት አልነበረም። አንዷ፣ ወሬውን ቡይት ራስ ድረስ ያደረሰችው ራሷ፣ ጨርቋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ስልኩን ለትንሽ ጊዜ ልዋሰው?» አለች። ጋሽ እንድሪስ ሰጣት። ወደ ጥግ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዶክተሯ «እህቶቼ፣ አትፈሩ» ስትል የሴትዮዋ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ድምፁን ለመቀነስ ብትሞክር አልቻለችበትም።

ጋሽ እንድሪስ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠና መኪናውን በኃይል መርገጥ ጀመረ። ክፍሉ በጩኸት ተሞላ፣ የዶክተሯ ድምፅ ከሴትዮዋ ጆሮ አያልፍም። ጠጋ ብዬ አየሁ። ከመርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም። ሴትዮዋ ስልኩን በር ላይ መልሳ ሰቅላ እስክትወጣ ድረስ፣ ባዶውን ይሰፋ ነበር።